ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሚጡ ክትባት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ሚጡ መሮጥ ጀመረች አሉኝ፣ እሰይ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ ሐዋሳ ሙቀቱ በርትቷል።

አሁን ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ። ከአዳማ የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሚጡ የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት እንዳልወሰደች ነገረችኝ። «ኩፍኝ ገባ ሲባል በዜና አልሰማሁም፣ ምን ያጣድፈኛል» ብለሻል አሉ። ልጄ፣ ዜናው ዝም አለ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል ትዝ ይልሻል? አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባለ ቧንቧዋን ቢጫ ጀሪካን በዚያው ማታ በር ላይ አስቀመጥኩ፤ አንቺን እንኳ ሳትታጠቢ አላስገባም ነበር። «ባለፉት 24 ሰዓታት» ተብሎ ቁጥሩ በቴሌቪዥን ሲነገር ማማሰያዬን እንደያዝኩ እቆም ነበር። ቁጥሩ ሺህ ሲገባ ግን ጆሮዬ ለመደው። ኋላም ዜናው ወደ ጦርነቱ ዞረ፤ እኔም ጀሪካኗን ጓዳ ከተትኳት። በአንድ ታማሚ የተንቀጠቀጥኩት ሴትዮ በሺህ ተዘናጋሁ።

በ2013 መጋቢት ለእህትሽ ሽማግሌ ሲመጣ ወንድምጋሼን ጠራሁት። ማስኩን እንዳደረገ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ «ጀሪካኗስ?» አለኝ። «አንተ ደግሞ፣ አሁን በዜናም አይወራ፤ ግባ» አልኩት። ማስኩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀበርነው። ከእኔ ቤት ይያዘው አይያዘው አንድዬ ያውቃል። ያ የዘረጋው እጁ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቴሌቪዥን አትዪ አልልሽም፤ ጀሪካኗን ያስወጣኝም እሱ ነው። ዜና የሚያወራው ግን አዲስ የሆነውን ነው፤ የሚጡ ቀጠሮ የተጻፈው ካርዷ ላይ ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ እንኳ በሽታው አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። የ9 ወሩ ክትባት ያልያዘላቸው ልጆች ስላሉ ነው ሁለተኛው የተጨመረው። ቀኑ አለፈ ብለሽም አትፈሪ፣ ዘግይቶም ይሰጣል። ዜናው ዝም አለ ብለሽ ግን አትቀመጪ!

ካርዷን ለገና ስትመጡ እኔ ጋ ረስታችሁታል። በፌስታል ጠቅልዬ ከበርበሬው ጋር በወንድምሽ እጅ ልኬዋለሁ። በርበሬውን ቶሎ አናፍሺው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ትንሽ ካተኮሳት አትደንግጪ፣ ጡት አጥቢያት፣ ልብስ አትደራርቢባት። እዚያው ሆነሽ ደውዪልኝ፤ ስልኬን ከእጄ አልለይም።

እናትሽ