ማርሽ ቀያሪው

ይድረስ ለወንድሜ ለሰለሞን፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ተጠፋፋን እኮ! ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር ነው።

ልጄ ሰሞኑን «ማርሽ ቀያሪው የተባለው ሹፌር ስለነበር ነው?» አይለኝ መሰለህ! ሳቄ አመለጠኝ። እርግጥ አየር ኃይል ከመግባቱ በፊት ጋሪ ነድቷል። ጋሪ ግን ምን ማርሽ አለው?

ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ሞስኮ ኦሎምፒክ፣ ሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ 10 ሺህ ሜትር። ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ መልሰው ያበርዱታል። ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን እዚያው አለ። በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች 5 ሺውንም 10 ሺውንም የጠቀለለ ሰው ነው። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ማርሽ እንደቀየረ መኪና ተፈተለከ። በቃ፣ የደረሰበት የለም! መሐመድ 3ኛ፣ ቶሎሳ 4ኛ፣ ቪረን 5ኛ። ከቀናት በኋላ 5 ሺውንም በዚያው አጨራረስ ወሰደው። ፈረንጆቹ «ይፍተር ዘ ሺፍተር»፣ ማርሽ ቀያሪው ይፍጠር ማለታቸው ነው፣ ይሉታል፤ ቤት ስለመታላቸው ሳይሆን አይቀርም የወደዱት።

እኔን ግን ቅጽል ስሙ ትንሽ ቅር ያሰኘኛል። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሩጫ ብቻ ነው። ቪረንን ያደከመው የሦስቱ ሥራ ነበር፤ የመሐመድና የቶሎሳ ስም ግን እምብዛም አይነሳም።

ደግሞ ያ ማርሽ ሁሌም በሰዓቱ አልገባም። በ1963 አሜሪካ፣ ዱራም ላይ በ5 ሺህ ሜትር የዙሩን ቁጥር ተሳስቶ፣ አንድ ዙር ሲቀር ተስፈንጥሮ ጨረስኩ ብሎ ቆመ! በዚያው ውድድር ግን 10 ሺውን አሜሪካዊውን ሯጭ ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ አሸነፈ። በ1964 ሙኒክ ላይ ነሐስ አገኘ። በ1968 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ አገራችን ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ስላልተሳተፈች ሳይሮጥ ቀረ። ሞስኮ ሲደርስ ጋዜጠኞቹ ዕድሜውን ነበር የሚጠይቁት። እሱም ዶሮና በግ ሊሰረቅብኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አላቸው። እንዲህ ያለ መልስ ከየት ይመጣል?

በ2009 ያረፈው እዚያው እናንተ ጋ፣ ቶሮንቶ ነው። በሕይወት ሳለ አግኝተኸው ታውቃለህ? ካወቅህ ሁሉንም ጻፍልኝ። ዕድሜውን ጠይቀኸው ከሆነ ደግሞ የመለሰልህን ከነቃሉ እፈልገዋለሁ።

ልጆቹን ሳምልኝ። ቸር ሰንብት።

ወንድምህ