የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ሥራና የጳጉሜ ልጆች

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ካርድ የዘገየው በአይሲቲ ክበብ ምክንያት ነው እየተባለ በመምህራን ማረፊያ ሲወራ ሰምቻለሁ። «ልጆቹ ነካክተው አበላሹት» ተብሏል። የክበቡ ተጠሪ ነኝና የሆነውን መጻፍ ይገባኛል። ልጆቹ ያበላሹት ነገር የለም። ለዓመታት ሲበላሽ የኖረውን ያገኙት እነሱ ናቸው።

ሮስተራችን (የተማሪዎች የውጤት መዝገብ) የሚሞላበትን ፕሮግራም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሪከርድ ክፍል የነበረው ኮምፒውተር ጥር ላይ ተቃጠለና መረጃው በፍላሽ ከተቀመጠ ቅጂ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተዛወረ። በአሮጌው ላይ የነበረው ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃውን የሚያከማቸው ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ማይኤስኪውኤል 5.5 ሲሆን በአዲሱ ላይ የተጫነው እ.ኤ.አ. የ2018ቱ 8.0 ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት እንኳ አልቻለም፤ የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ስለተለወጠ ነበር፣ እሱ በአንድ ቀን ተፈታ። ካርድ ይታተም ሲባል ግን ኤረር 1064 መጣ። «ራንክ» ከሚለው ቃል አጠገብ የአጻጻፍ ስህተት አለ ይላል። ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ የጎደለ ነጠላ ሰረዝ ፈለጉ፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። የተማሪው ደረጃ የሚጻፍበት ዓምድ ስሙ ራንክ ነው፤ 8.0 ደግሞ ደረጃ ማውጣትን ራሱ ስለሚችል ቃሉን ለራሱ ትእዛዝ ወስዶታል። መፍትሔው የዓምዱን ስም ከቁጥር 1 በስተግራ ባለው ምልክት ማጠር ብቻ ነው። የ11ኛ ክፍል አባላት በዚህ አላበቁም፤ በአዲሱ ትእዛዝ ደረጃውን ማሽኑ ራሱ እንዲያወጣ አደረጉት። ሁለት ተማሪዎች እኩል 2ኛ ከወጡ ቀጣዩን 4ኛ ይለዋል፣ ልክ የክፍል ኃላፊ መምህራን በእጅ እንደሚሠሩት። የስም ዝርዝሩ ተራ መዘበራረቁም ምክንያት ነበረው። አሮጌው ቨርዥን በመመደቢያው ትእዛዝ፣ በግሩፕ ባይ፣ ሲመድብ ሳይጠየቅ በቅደም ተከተል ይደረድር ነበር፤ አዲሱ ኦርደር ባይ (ደርድር) ካልተባለ አይደረድርም።

ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፣ ለ9ኛ ክፍል የታይፒንግ ሥልጠና ሰጥተናል፣ የሚኒ ሚዲያን ኮምፒውተር ከቫይረስ አጽድተናል። ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የካቲት ላይ የሆነውን ነው።

ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ ሲመዘገብ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። ኤረር 1292፣ የተሳሳተ ቀን። ልጁ የተወለደው ጳጉሜ ላይ ነው። እኛ የምንሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ዳታቤዙ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ስለሆነ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለውም። «ታዲያ እስከ ዛሬ የጳጉሜ ልጆች እንዴት ተመዘገቡ?» ብላ የጠየቀችው የክበባችን ጸሐፊ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወዲያው የራሷን ስም ፈለገች። የልደት ቀኗ ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ተደርድሯል። የተወለደችው ጳጉሜ 3 ነው። ስክሪኑን ብዙ ካየች በኋላ፣ «ቲቸር፣ ዘጠነኛ ስገባ እኮ እናቴ የልደት ካርዴን ይዛ መጥታ ነው ያስመዘገበችኝ» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

አሮጌው ቨርዥን ያልገባውን ቀን ዜሮ አድርጎ ያሳልፍ ነበር። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ግን ፕሮግራማችን ስለማያሳየው ማንም አላየውም። አዲሱ ግን የማይሆን ቀን አልጽፍም ይላል። አንድ ባለሙያ ስናማክር የተሳሳተ መረጃ እንዳይገባ ስለሚከለክለው ቅንብር «ስትሪክት ሞዱን አጥፉት፣ እንደ ድሮው ይሠራል» አለን። እውነቱን ነው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለልጆቹ አቀረብኩላቸው። እጅ ያወጣ አንድም አልነበረም።

ከዚያ ዜሮ የሆኑትን ስሞች አትመው ሁለት ቅዳሜ ሪከርድ ክፍል ገቡ። አቧራው እያስነጠሳቸው ማህደር በማህደር እየገለጡ ትክክለኛውን ቀን ከወረቀቱ ለቀሙ። ከጳጉሜ ልጆች መሐል የጥቅምት 30 ልጆችም ሲወጡ ግራ ተጋባን። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ማሽኑ ፌብሩዋሪ ብሎ ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም፣ 29ም ያለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲቀመጡ ተደረገ። ጳጉሜ 6 የቱ ዓመት ላይ ይፈቀድ ስንል፣ በክበቡ ብዙም የማይናገር፣ አብነት ትምህርት ቤት የቆየ ልጅ ተነሣ። «በዓመቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉት፤ 3 ከቀረ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ትሆናለች» አለ። 2003ን ሞከርነው፤ 7503 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። አሁን ይህ የልጁ ስሌት ፕሮግራማችን ውስጥ አለ።

ጥፋትም ነበረብን። አንድ ቀን መረጃ በሚቀይረው የአፕዴት ትእዛዝ ላይ የየትኛው ተማሪ እንደሚቀየር የሚለየው «ዌር» ሳይጻፍ ቀርቶ የአንድ ሴክሽን ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆኑ። ባክአፕ አልነበረንም። ያዳነን ወረቀቱ ነው። ሳይቀዳ እንዲሠሩ የፈቀድኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን ቅጂው በምን ላይ ይቀመጥ ነበር? ክበቡ በዓመቱ ያገኘው አንድ ፓኬት ወረቀትና ሁለት ማርከር ነው። የትምህርት ቤቱ ሮስተር የሚሠራበትም ልጆቹ የሚለማመዱበትም ያው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ መብራት ሲቆራረጥ የሚያቆየው ዩፒኤስም የለውም።

ስለዚህ ወላጅ መምህር ኅብረቱን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ለሙከራ የሚሆን አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ማህደሮች ተጠናቀዋል። የ11ኛዎቹ ገና አልተነኩም። እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገቡ ናቸው፤ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የልደት ቀናቸው ከወረቀቱ ጋር መመሳከር አለበት። ጸሐፊያችን በክረምቱ ለመምጣት ስማቸውን ያስመዘገቡ አባላትን ዝርዝር ሰጥታኛለች፤ የቀረው የሪከርድ ክፍሉ ቁልፍ ነው።