ቤቱ ለምን ለሌላ ሰው ተሸጠ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን ከአንድ በላይ ደንበኛ ቢሯችን ድረስ መጥቶ፣ አንዳንዱም በስልክ ቆጣ ብሎ፣ «በዋጋው ተስማምተን ሳለ ቤቱ እንዴት ለሌላ ሰው ተሸጠ?» ሲል ጠይቆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ቆራርጠን ከምንመልስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ አዘጋጀን።

ከአያት እስከ ሰሚት፣ ከየካ አባዶ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ካርታው ንጹሕ የሆነ ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ጠዋት አንድ ደላላ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ያውቁታል፤ ማታ ሻጩ ስልኩን ይዘጋል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ፣ እኛ እንደምናየው፣ ጥሪቱን በብር ማስቀመጥ ያስፈራው ሁሉ ፊቱን ወደ ቤት አዙሯል። ሻጩም ያው ስጋት አለበትና ዛሬ የጠራውን ዋጋ ነገ ይሽረዋል።

ብዙዎቻችሁ መፍትሔው ዋጋ መጨመር ብቻ ይመስላችኋል። እኛም ይመስለን ነበር። ባለፈው የጸደይ ወራት አያት አካባቢ ያሳየነው በ150 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት ግን አሳፈረን። ደንበኛችን ከሌላው ገዢ 200 ሺህ ብር አስበልጠው ነበር፤ ቤቱ ግን ለሌላው ሄደ። ምን አጥፍተን ነው ብለን ቤቱን የሸጡትን ሴትዮ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አቀረቡልንና ሳይደብቁ ነገሩን። «የእናንተን ሰው ብሩ ከየት እንደሚመጣ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ወንድሜ ይልካል አሉኝ፤ ቀጥሎ መኪና ሸጬ አሉኝ፤ በመጨረሻ ባንክ አሉኝ። እነዚያ ባልና ሚስት ግን የባንክ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ደግሞ ልጆቼን በሰኔ አስፈትኜ እንድወጣ ፈቀዱልኝ።» መቼ መልቀቅ እንደሚፈልጉ ሴትየዋን አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። አሁን ሻጭ ስናገኝ ከዋጋው በፊት የምንጠይቀው የመልቀቂያውን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት ገንዘባችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ። በዕቁብም፣ በወንድምም፣ በመኪናም ያለው ብር ሻጩ ፊት ስትቀርቡ በአንድ ሒሳብ ውስጥ መታየት አለበት። ከፊሉ በባንክ ብድር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ አትደብቁን። ባንኩ የራሱን መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ከወሰነ ጀምሮ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ብድር የሚጠብቅ ገዢ በሻጭ ዘንድ ሁለተኛ ተሰላፊ ሆኗል። ባንኩን ቀድማችሁ ካነጋገራችሁ ግን ለሻጩ ቁርጥ ያለ ቀን መንገር ትችላላችሁ።

ወደ ቀብዱ እንምጣ፤ ቅሬታው የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እጥፍ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያዘናጋል። 50 ሺህ ብር ቀብድ ሰጣችሁ እንበል። በማግስቱ ሌላ ገዢ 300 ሺህ ጨመረ። ሻጩ 100 ሺህ ይመልስላችኋል፤ ከዚያ ውስጥ 50 ሺው የራሳችሁ ነው። ቃሉን አፍርሶም 250 ሺህ ብር ያተርፋል! በትንሽ ቀብድ ቤት ያዝን ብላችሁ እንዳትተኙ የምንለው ለዚህ ነው። ከፍ ያለ ቀብድ፣ ወይም በጽሑፍ የሰፈረ ጠንከር ያለ መቀጫ ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቀብዱና በዋናው ውል መካከል ያለውን ቀን ማሳጠር ነው። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ እስክትፈርሙ ድረስ ቤቱን ገና አልገዛችሁም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄደን ካርታው ከማኅደሩ ጋር መግጠሙን፣ ቤቱም ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን እናጣራለን። ሻጩ ራሱ አብሮን እንዲሄድ እንጠይቃለን፤ ዳር ዳር ካለ ያ በራሱ መልስ ነው። ባለትዳር ከሆነ የጋራ ቤታቸውን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካላገባ ወይም ከፈታ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ቤት ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን እንጠይቃለን። ጥያቄው ደስ አይልም፤ ነገር ግን ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ዕጣው ለደረሰው ሰው ከተላለፈ 5 ዓመት መሙላቱን እናያለን፤ ከዚያ በፊት መሸጥ አይፈቀድም።

ከአያት አልፋችሁ ወደ ለገጣፎ ለምትወጡ አንድ ነገር እንጨምር። አስፋልቱ አንድ ነው፤ አስተዳደሩ ግን ሁለት። ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ማኅደሩ የሚገኘው አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ አይደለም። ዋጋው ረከስ ስላለ ብቻ «ከገበሬ የተገዛ ነው፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚባል ቤት አሳዩን የምትሉ አላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር እዚያው ለገጣፎ ስንት ቤት እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለውን ቤት አናሻሽጥም፤ ኮሚሽኑ ይቅርብን።

ይህ ሁሉ ማጣራት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መሐል ቤት ያመልጣል፤ አምልጧልም። አሁን የጀመርነው አሠራር ቤቱን ለእናንተ ከማሳየታችን በፊት ሰነዱን እኛው አስቀድመን ማየት ነው። በዚህ ምክንያት የምናሳያችሁ ቤት ቁጥር ቀንሷል፤ ለዚህም ትዕግሥታችሁን እንጠይቃለን።

ቢሯችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። እሑድ ማታ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ አሁኑኑ ቀብድ አስገቡ» የሚል ስልክ ቢደወልላችሁ፣ የደወልነው እኛ ብንሆን እንኳ፣ ሰኞ ክፍለ ከተማ እስኪከፈት ብር አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ሽያጭና ግዢ ቢሯችሁ
አያት፣ አዲስ አበባ