ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረው ሸሚዝ፦ የድጋፍ ጥሪ

በየቤቱ የማይለበስ፣ የማይጣልም አንድ ልብስ አይጠፋም። የሞተ ሰው ሸሚዝ ሊሆን ይችላል። ዛሬ እናቱን በቁመት የበለጠ ልጅ በሕፃንነቱ የለበሳት ፒጃማም ልትሆን ትችላለች። ቁም ሣጥኑ በጸዳ ቁጥር ይወጣል፣ ይሸተታል፣ ከዚያ ታጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የአባቴ ሸሚዝ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ መስመር አለው። የደረት ኪሱ ጥግ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሶበታል። እማዬ ስንቴ እንዳጠበችው እሷ ናት የምታውቀው፤ አልለቀቀም። አባዬ በሕይወት እያለ ያቺ ቀለም ስንት ጊዜ አጨቃጭቃቸዋለች። ሸሚዙን ለድሪቶ ልቆርጠው መቀስ ሳነሳ ግን እማዬ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀለሟን እንዳትነኪያት።»

አልነካኋትም። ኪሱን ከነቀለሙ አውጥቼ ከላይ በኩል ሰፋሁት። አሁን እማዬ ማታ ማታ መነጽሯን የምትከተው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው።

ድሪቶ ስል ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሲሰደቡበት የኖሩት ቃል ነዋ። በእንግሊዝኛ ኩዊልት ሲባል ያማረው ነገር ድሪቶ ሲባል ለምን እንደሚያሳፍር ግን አይገባኝም። እራፊ ከእራፊ መግጠም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። እኛ ድሪቶ እንለዋለን።

እኛ ማለት በትርፍ ጊዜያችን የምንሰፋ 11 ሰዎች ነን። በሙያው ልብስ ሰፊ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ለፍቅሩ ነው። ከቤተሰብ ሰው የቀረ ልብስ እንቀበልና ድሪቶ አድርገን ለዚያው ቤተሰብ እንመልሳለን። ክፍያ አንጠይቅም። እስካሁን 12 ቤተሰቦች ልብስ ሰጥተውናል። የጨረስነው 3 ነው። የቀሩት 9ኙ የላይ ፊታቸው ብቻ ተገጣጥሞ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። እዚያ ላይ ቆመናል፤ እናንተንም የምናስቸግረው ለዚህ ነው።

ድሪቶ ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ የተገጣጠመው ፊት፣ መሀል የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ የሚያልፈው ስፌት ነው ሙቀት ያለው አልጋ ልብስ የሚያደርገው። ፊቱ ከቤተሰቡ ልብስ ይወጣል። ጥጡና ገበሩ ግን ከየትም አይወጣም፤ መገዛት ወይም መለገስ አለበት።

ፊቱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። 150 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ድሪቶ በእኛ አሠራር 315 ቁራጭ ይፈጃል። እያንዳንዱ ሲያልቅ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 11.2 አድርገን እንቆርጠዋለን፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስፌት ይበላዋል። በወርዱ 14 መጋጠሚያ አለ። እያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ብታበዙ፣ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚወስድ ድሪቶው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠብባችኋል። የኔ የመጀመሪያው አንድ ጫፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆኖ ነው የወጣው።

ከዚህ የባሰም ሠርቻለሁ። አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ቀይ ቀሚስ ሰጡን። ሳላጥበው ከነጭ ጋር ገጠምኩት። ተሰፍቶ አልቆ ሲታጠብ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆነ። ቤተሰቡ «ያምራል» አሉ፤ ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ድሪቶ ሳየው ፊቴ ይቀላል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጣዕም መተርተሩ ላይ ነው። በቅርቡ ሦስት እህትማማቾች በየተራ የለበሱትን አንድ የልጅነት ቀሚስ ይዘው መጡ። ጫፉን ስንተረትር ሦስት የድሮ እጥፋት መስመር ተገኘ። ጨርቁ ከእጥፋቱ ሥር አልደበዘዘም፤ ቀለሙ እንዳዲስ ነው። የትኛው መስመር የማን ቁመት እንደሆነ ሲከራከሩ አመሹ። ታናሽየዋ «እኔ አዲስ ለብሼ አላውቅም!» ብላ የድሮ ቂሟን አወጣች። በዚያ ምሽት መርፌ የነካ ሰው የለም።

ነገሩን እኛ አልፈጠርነውም። የቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉትን ሲሠሩ አሮጌ ሳሪ ደራርበው ነው፤ ክሩን እንኳ ከሳሪው ጠርዝ ይመዙታል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር፣ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ የምትለብሰው ድሪቶ ሰፋችው። እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ድሪቶ ደግሞ በመቃብር ልክ፣ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ቁራጮች ነው የሚሠራው። ዛሬ ቁራጮቹ ወደ 50,000 ደርሰዋል። ከዚያ ብዙውን የሰፉት ወዳጆችና ቤተሰቦች ናቸው። የኛ 12 ብቻ ነው፤ አይዞን።

እንግዲህ የምንፈልገው ይኸው። አንደኛ ገበር። ለአንድ ድሪቶ 170 በ230 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ያገለገለ ግን ያልሳሳ የጥጥ አንሶላ ካላችሁ ከአዲስ ጨርቅ እኩል ነው የምናየው፣ እንዲያውም ለስልሶ ስለሚመጣ መርፌ ያሳልፋል። በገንዘብ መርዳት ለምትፈልጉ ደግሞ የመጀመሪያው ብር የሚሄደው ለጥጥ ንጣፉ ነው። ከተረፈ ወፍራም ነገር የሚችል የስፌት መኪና እንገዛለን። አሁን ያለችን የአንዷ ጓደኛችን የግል ሲንጀር ናት። ሦስት ንብርብር ስንሰጣት የላዩን ጨርቅ እየገፋች ታጨማድደዋለች፤ ከዚያ ተርትሮ እንደገና ነው። ላይና ታቹን እኩል የሚጎትት የመኪና እግር ብቻ እንኳ ብናገኝ ግማሽ ልፋታችን ይቀልላል። የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ ለሰጠ ሰው ሁሉ እናሳያለን።

ገንዘብም ጨርቅም የሌለው እጁን ያውሰን። መቁረጥ፣ መተኮስ፣ መተርተር፤ የመጨረሻውን የሚወድ ሰው ካለ ወርቅ ነው። ልጆችም ቁራጭ በየቀለሙ መለየት ይችላሉ፣ ከኛ ይሻላሉም።

የቤተሰብ ልብስ ለምትሰጡን አደራ ያለን ትንሽ ነው። በሙቅ ውኃ አጥባችሁ አምጡት፤ ከነጭ እራፊ ጋር እጠቡትና ቀለም ከለቀቀ ንገሩን። ቲሸርት እንቀበላለን፣ ስለሚለጠጥ ከጀርባው ቀጭን ጨርቅ በካውያ እንለጥፍበታለን። ናይሎን የበዛበትን ግን ካውያው ስለሚያቀልጠው ይቅርብን። ቁልፍና ኪስ እንዳትነቅሉ። የፈሰሰ ቀለም፣ የሲጋራ ቀዳዳ፣ የተጣፈ ክርን ካለበትም እንዳታፍሩበት።

አንድ ወረቀት ላይ ልብሱ የማን እንደነበር ጽፋችሁ በስፒል አያይዙልን። ባለቤቱን የማናውቀው ሸሚዝ ሲደርሰን ከየት በኩል እንደምንቆርጠው ይጨንቀናል።