ቅቤው መቼ ይግባ? የምግብ ዝግጅት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር የክበቡ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ከቀረቡት ሐሳቦች አብዛኞቹ በየሳምንቱ አዲስ ምግብ መሥራትን የሚመለከቱ ነበሩ። ከረዥም ውይይት በኋላ ግን ዓመቱን በአንድ ምግብ ላይ ለማሳለፍ ተስማማን፤ ይኸውም ወፍራም የበሬ ሥጋ ቁራጭን፣ በተለምዶ ስቴክ የምንለውን፣ ጠብሶ ከቅጠላ ቅጠል ጋር በተዋሐደ ለጋ ቅቤ ማቅረብ ነው። የካ አባዶን በመሰለ የከተማ ዳርቻ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ምርጫው ቅንጦት የመሰላቸው ወላጆች ነበሩ። እኔ ግን እንደ ክበቡ ተጠሪ መምህር ዛሬም በምርጫው እጸናለሁ። ምግቡ አንድ መጥበሻ፣ አንድ የከሰል ምድጃና ጥቂት ጥሬ ዕቃ ከተገኘለት ይሠራል፤ ማማሩና መበላሸቱ የሚወሰነው ሠሪው ሙቀት በሥጋና በቅቤ ላይ ምን እንደሚያደርግ በማወቁ ነው፤ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ቁሌትም ሆነ በርበሬ የለውም።

የሥራ ሰሌዳችንን የወሰነው የጾም ወቅት ነበር። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም እስከ ገና፣ የካቲት 17 የገባው ዐቢይ ጾም ደግሞ ፋሲካ እስከዋለበት እስከ ሚያዝያ 12 ድረስ ሥጋንና ቅቤን ከክበቡ ወጥ ቤት አርቀዋል፤ የረመዳን ጾምም በዚያው በዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ስለዚህ የጥብስ ሥራው በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ፣ ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበዓለ ኀምሳ ተከናወነ። የክበቡ መደበኛ ሰዓት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመሆኑ በሌላው ጊዜ ወደ ማክሰኞ እናዛውረው የነበረ ሲሆን፣ በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ያኔ በራሱ ቀን ሠራንበት። ሥጋው ለክርስቲያንና ለሙስሊም ተማሪዎች ከየራሳቸው ሥጋ ቤት ተገዝቶ በተለያየ መክተፊያ፣ ቢላዋና መጥበሻ ተዘጋጅቷል፤ ቅቤው ግን ለሁሉም አንድ ስለነበር በአንድ ሳህን ታሸ።

በአካባቢያችን ያሉ ሥጋ ቤቶች ሥጋን ለጥብስ፣ ለክትፎና ለቁርጥ ማዘጋጀት ልማዳቸው ነው፤ ተማሪዎቻችን «ከሽንጡ፣ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው፣ አግድም የተቆረጠ» ብለው ሲያዙ ሥጋ ቆራጮቹ በመጀመሪያ ግር ቢላቸውም ውለው አድረው ምን እንደምንፈልግ ገባቸው። አግድም መቆረጡን አጥብቀን የምንሻው ሥጋ እንደ ገመድ ጎን ለጎን በተኙ ረዣዥም ክሮች የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ቢላዋው ክሮቹን አቋርጦ ሲያልፍ አጭር ይሆናሉ፣ ለማኘክም አያስቸግሩም። ጭቅናው ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ያ ጡንቻ በበሬው ሕይወት ብዙ ሥራ አይሠራምና። ሽንጡ ግን በዳሩ ጮማ ስላለው በጣዕም ይበልጣል፤ ዋጋውንም ጣዕሙንም አመዛዝኜ ለቤት የምመክረው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ ጋር በጥንቃቄ መታረቅ ያስፈልጋል። ለቁርጥ የሚፈለገው ዛሬ የታረደ ትኩስ ሥጋ ሲሆን፣ ለወፍራም ጥብስ ግን ትኩስነቱ ራሱ ችግር ይሆናል፤ ከዕርድ በኋላ ጡንቻ ለሰዓታት ይገትራል፣ ከዚያም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ክሮቹን እያላሉ በቀናት ውስጥ ያለሰልሱታል። ስለዚህ ሥጋውን ጨው ነስንሰን፣ በሽቦ ወንፊት ላይ አጋድመን፣ ሳንከድነው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርነው። ጨው በመጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ያ ውሃ ጨውን አሟሙቶ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይሰርጋል፤ በማግስቱ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጨው የገባው ሥጋ ይገኛል።

የላዩ መድረቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሥጋው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ላዩ ከዚያ ብዙም አይሞቅም። ሥጋን የሚያጠይመውና የጥብስ ሽታ የሚሰጠው ሂደት ግን በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ይህን የፕሮቲንና የስኳር መስተጋብር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ሲሆን፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከኬሚስትሪ ትምህርታቸው ጋር አያይዘው ለታናናሾቻቸው ሲያስረዱ መስማት ለእኔ ከዓመቱ ትልልቅ ደስታዎች አንዱ ነበር። ከጊዜ በኋላ ልጆቹ ሥጋው መጥበሻው ላይ ሲያርፍ በሚሰጠው ድምፅ ብቻ ይፈርዱ ጀመር፤ በንጹሕ ጨርቅ የደረቀው ወዲያው ይንጫጫል፣ እርጥቡ ግን እየተንቦጫረቀ ውሃውን ያቀራል፤ መልኩም የተቀቀለ ሥጋ ይመስላል።

ወደ ቅቤው ስመጣ ትንሽ ላስፋ፤ የክበቡ ዓመት የዋለው እዚህ ላይ ነውና። ለጋ ቅቤ ሁለንተናው ስብ አይደለም። በመቶ ሰማንያ ያህሉ ስብ ሲሆን የቀረው ውሃና ጥቂት የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው፤ ፕሮቲኑና ስኳሩ በ150 ዲግሪ አካባቢ ያራሉ። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ውሃው ተንኖ፣ ዝቃጩ ወደ ታች ወርዶ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው ሽታቸውን ለስቡ ሰጥተው ይጠለላሉ፤ በዚህ ምክንያት ንጥር ቅቤ ለጋው የማይችለውን ሙቀት ይችላል። ከዚህ የክበቡ ደንብ ወጣ፦ መጥበስ በንጥር ቅቤ ወይም በዘይት፣ ለጋው ግን መጥበሻው ከእሳት ከወረደ በኋላ።

ይህን ደንብ በቃል ብቻ መናገር አልበቃንም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በጥር ወር ሁለት መጥበሻዎችን በሁለት የከሰል ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ጣደች፤ በአንደኛው ቅጠል ያለበትን ለጋ ቅቤ ከመጀመሪያው ጨመረች፣ በሁለተኛው ሥጋውን በዘይት ጠብሳ ካወረደች በኋላ ቅቤውን ከላዩ አኖረች። በመጀመሪያው ጦስኙ ጠቁሮ ከመጥበሻው ተጣበቀ፣ ነጭ ሽንኩርቱም መረረ። በሁለተኛው ቅቤው ከሥጋው በወጣው ጭማቂ ላይ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ቀረ፤ ነጭ ሽንኩርቱም ሳያር ሽታውን ሰጠ። ሁላችንም ዳቦ እያጠቀስን ቀመስን፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ደንቡ የጠየቀ ተማሪ የለም።

ቅቤውን የምንሠራው እንደሚከተለው ነው። 250 ግራም ለጋ ቅቤ፣ ሸኖ ለጋ ከተገኘ እሰየው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ እየታሸ ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠባል፤ በውስጡ የቀረው አሬራ ካልወጣ ቅቤው ቶሎ ይኮመጥጣል። ከዚያም በደንብ የተፈጨ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ጦስኝ፣ ግማሽ ማንኪያ በስሱ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ተፍቆና ጥቂት ጨው ይዋሐዳል። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከጠነከረ በኋላ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሥጋ አንድ ስስ ቁራጭ ይበቃዋል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያለበት በመሆኑ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቀመጥም፤ እኛም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንጨርሰው ነበር። በጦስኙ ፈንታ ኮሰረት ያደረጉ ተማሪዎች ያቀረቡት ቅቤ የክትፎን ሽታ የሚያስታውስ ስለነበር ከሁሉም የሚወደድ ሆነ፤ ኮሰረቱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ በሩብ ማንኪያ መወሰን አለበት።

ስለ ብስለት ክርክር ነበር። በበዓል ከአባቶቻቸው ጋር ቁርጥ የሚበሉ ወንዶች ልጆች ውስጡ ቀይ ይሁን ሲሉ፣ ሌሎች እስኪደርቅ ድረስ ይብሰል አሉ። ክበቡ በየቤቱ በሚበላው ላይ አይፈርድም፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ግን በሥጋው መሐል ላይ በመለኪያ 63 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ወርዶም ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ሳያርፍ ለማንም አልቀረበም። የኮሶ ትል እጭ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይሞታል፤ ሥጋውም በዚህ ልክ ሲወርድ ውስጡ ገና ወዝ አለው። የተፈጨ ሥጋ ሲሆን ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ልኩ ወደ 71 ከፍ ይላል።

በዐቢይ ጾም ክበቡ አልተዘጋም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ በሶብላና ኮሰረት ተከልን። የግቢያችን አፈር ውሃ የሚይዝ ዋልካ በመሆኑና ጦስኝ ሥሩ ውሃ ላይ መተኛቱን ስለማይወድ፣ መደቡን ከፍ አድርገን አሸዋና ጠጠር ቀላቀልንበት፤ የጥብስ ቅጠሉ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ተተክሎ ያዘ።

በግንቦት በተካሄደው የወላጆች ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሥራው ሁሉ በከሰል ተከናወነ፤ ከሰል ደግሞ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ከታገሡት ለዚህ ጥብስ ከኤሌክትሪክ ስቶቭ የተሻለ ኃይል አለው። ወላጆች አንድ አንድ ጉርሻ እየቀመሱ ስለ ቅቤው አጠያየቁ፤ አሠራሩን እዚህ በዝርዝር ያሰፈርኩትም በእነሱ ጥያቄ ነው። ለ2018 ዓ.ም. አባላቱ ያቀረቡት ዕቅድ ያንኑ ሽንጥ ለአንድ፣ ለሦስትና ለሰባት ቀን በማቀዝቀዣ እያቆዩ በልስላሴ ማወዳደር ሲሆን፣ ለዚህ የራሱ የሙቀት መለኪያ ያለው ማቀዝቀዣ ያስፈልገናል። ጥያቄውን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በጽሑፍ አቅርበናል፤ የአዲስ አባላት ምዝገባም በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ይካሄዳል።