የአውቶ ክበብ ዓመት፦ የአንዲት ላንድሮቨር ብሎን ፍለጋ

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን አውቶ ክበብ የሚያድሳት አሮጌ መኪና ተነስታ ግቢውን ትዞራለች ብላችሁ የጠበቃችሁ ብዙ ናችሁ። አልዞረችም። ዓመቱ ያለቀው ብሎን ስንፈልግ ነው። ይህን በደንብ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፣ ልጆቹ የሠሩትን ሥራ በወርክሾፑ በር የሚያልፍ ሰው አያየውማ።

ለማታውቋት፣ መኪናዋ ላንድሮቨር ሲሪስ 2ኤ ናት፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራች። የአንድ ተማሪያችን ቤተሰቦች ከቡና ማድረቂያቸው ጎን ለዓመታት የቆመችውን እንዳለች ሰጡን። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ከላይ ስትታይ ደህና ናት። ሻንሲዋ፣ አካሉን ከታች የሚሸከመው አጽም፣ ግን ብረት ነው፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብረቱና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ብሎኑና ዳዶው ዝገው አንድ አካል ሆነዋል። ጥቅምትና ኅዳር ናፍታ እያጠጣን፣ አንድ ቀን እያሳደርን፣ በማግስቱ እየሞከርን አለፈ። እምቢ ያለውን በመጋዝ ቆረጥነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። የተፈታውን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ አስከተትኩ። የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ሳይጻፍ ቀረ። ከዓመቱ ሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ግማሹ ከዚያች ጆንያ የመጣ ነው።

ታኅሣሥ ላይ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርደን አዲስ ብሎን ገዛን፣ ኤም 8 የሚባለውን፣ ባለ 8 ሚሊውን። ከአሮጌው ጎን ሲቀመጥ ያው ነው፤ ውፍረቱም ርዝመቱም። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ የፊት ፓራፋንጎውን (የጎማውን መከለያ) ሊያስር ይዞት ገባ። ሁለት ዙር በጣት ተሽከረከረ። «ቲቸር፣ ልክ ነው፣ ገባ!» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ዝገት መስሎት ረጅም እጀታ ጨምሮ ሳበው፣ ያን ጊዜ የነባሩ ዳዶ ጥርስ ሙልጭ ብሎ ተበላ። ልጁ በጣም አዘነ። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር፣ ይህንንም ነገርኩት።

ያዳኑን አንድ አባት ናቸው፤ ድሮ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው የጅማ ሰፈር ጋራዥ ነበራቸው። ልጆቹ አባባ ነው የሚሏቸው። ሁለቱን ብሎኖች ተቀበሉን፣ ጥርስ ለጥርስ አጣብቀው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሷቸው። «ኑ እዩ ልጆቼ» አሉ። በመሃል ብርሃን ያልፋል። «አንዱ የኢንች ነው፣ አንዱ የሚሊ። ግጣሙ ቢሆን ኖሮ ብርሃን አያሳልፍም ነበር።» ሌላ መሣሪያ አልነካኩም።

ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ የሚሊና የኢንች ወሬ ብቻ ሆነ። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ነው፣ ኤም 8 ደግሞ 8 ሚሊ። ልዩነቱ 0.06 ሚሊ ነው! በዚያ ላይ ብሎን ሁልጊዜ ከስሙ ትንሽ ይቀጥናል፤ ኤም 8 የተባለው በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ሲለካ 7.9 ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ውፍረት መለካት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ጥርሱን መቁጠር ያስፈልጋል። የመኪናችን አብዛኛው ብሎን ዩኤንኤፍ የሚባለው፣ ጥርሱ ጠባብ የሆነው የኢንች ብሎን ነው፤ በ5/16 ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። ልጆቹ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስተው ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 10ኛ ጥርስ ጫፍ ድረስ በማስመሪያ ይለካሉ። 10.6 ሚሊ ገደማ ከመጣ ዩኤንኤፍ ነው። 12.5 ከመጣ ኤም 8 ነው። 14.1 ከመጣ ደግሞ ዩኤንሲ፣ ማለትም ጥርሱ ሰፊ የሆነው የኢንች ብሎን። ሦስቱም መጀመሪያ ላይ በጣት የሚገቡ ይመስላሉ፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

መፍቻውም እንደዚሁ ያሳስታል። የዚህ ብሎን ራስ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ነው። 13 ቁጥር መፍቻ ይገባበታል፣ ግን ይላላል። ኅዳር ላይ ያ ሁሉ ብሎን ራሱ የተላጠው ለካ ዝገቱ ብቻ አይደለም፣ መፍቻችንም ነበር።

የዩኤንኤፍ ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። እንግሊዞች በፈረንጆቹ ከ1841 ጀምሮ ዊትወርዝ በሚባለው የጥርስ ዓይነት ይሠሩ ነበር፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ። አሜሪካኖቹ 60። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አልሆን ብሎ ተቸገሩና በ1948 እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በ60 ዲግሪው ተስማሙ፤ ዩኒፋይድ የሚባለው ይህ ነው፣ ዩኤንኤፍና ዩኤንሲም የእሱ ናቸው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በዚሁ ዓመት ነው፣ አምስተርዳም ላይ። ለውጡ ግን በአንድ ቀን አላለቀም። የኛዋ የጎማ ዳዶ እስከ ዛሬ ቢኤስኤፍ የሚባለው የድሮው የእንግሊዝ ጥርስ ነው፣ ውፍረቱ 9/16 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ፣ በ55 ዲግሪ። በአንዲት መኪና ላይ ሁለት ዘመን አለ ማለት ነው። ጎማ ላይ ደግሞ «ይሆናል» ብሎ ነገር የለም።

የትንሳኤ ዕረፍት ላይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። አንዱ ሱቅ ሳያይ «አለ» ብሎ የሚሊ ሸጠኝ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ብርሃን ላይ ሳየው ነው ያወቅኩት፤ ተመልሼ ቀየርኩ። በመጨረሻ የተሻለውን ያገኘነው ግን እዚሁ ጅማ፣ የድሮ ጋራዦች ጥግ ላይ ባሉ የቆርቆሮ ጣሳዎች ውስጥ ነው። ራሳቸው ላይ የተያያዙ ትናንሽ ክቦች ያሉባቸው ብሎኖች የዩኒፋይድ ምልክት ነው። ሴት ልጆቻችን ይህን ምልክት በመፈለግ ማንም አልደረሰባቸውም፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ጣሳ ሲገለብጡ ዋሉ።

አንድ ክርክርም ነበረን። የ12ኛ ክፍሎቹ ሁሉንም በማይዝገው፣ በሚያብረቀርቀው ብሎን እንቀይር አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ዝገት ያሰለቻቸው ልጆች ናቸው። እኔ ግን አልተስማማሁም። ይህ ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር በእርጥበት ሲገናኝ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ጥንካሬውም፣ የተለመደው ኤ2-70 የሚባለው 700 ኒውተን በካሬ ሚሊ ነው። 8.8 የተጻፈበት የብረት ብሎን 800 ይችላል፣ 8ቱ በመቶ ተባዝቶ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው .8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው፣ 640 ላይ ሲደርስ መለጠጥ እንደሚጀምር ይናገራል። ባሌስትራና (መኪናዋን የሚሸከሙት የብረት ቅጠሎች) መሪ ላይ የሚያብረቀርቅ ብሎን ማሰር ለኔ ግንጥል ጌጥ ነው። ዚንክ የተቀባውን መረጥን፣ ግሪስ እየቀባን።

ግንቦትን ሁሉ ያችን ጆንያ ስንለይ ቆየን። አሁን እያንዳንዱ ብሎን በላስቲክ ከረጢት ነው፣ ላዩ ላይ ውፍረቱ፣ ጥርሱ፣ ርዝመቱና ቦታው ተጽፎ። ርዝመት የሚለካው ከራሱ ሥር ጀምሮ ነው፤ ራሱ አይቆጠርም፣ ይህን ስንቴ እንዳረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፓራፋንጎዎቹ ታስረዋል። የራዲያተሩ ፊትም። በሮቹ፣ ፍሬኑና ሁለት የባሌስትራ ብሎኖች ይቀራሉ።

ቤታችሁ አሮጌ ብሎን የሞላበት ጣሳ ካለ እንዳትጥሉት፣ ሳትለዩ አምጡልን፣ መለየቱን ልጆቹ ይችሉበታል። መስከረም ላይ ወርክሾፑ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ክፍት ነው።