ከአባላት ቁጥር ቀጥሎ ያለውንም ጠይቁን

በድሬዳዋ አስተዳደር የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ለሚያደራጀውና ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት
ድሬዳዋ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በከተማችን በሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት ሳገለግል ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሪፖርት ስናዘጋጅ ከሁሉ በፊት የምንጽፈው የአባላትን ብዛት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይለናል፤ ካልጨመረ እናፍራለን። ስለዚህ ልማድ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት እኛን ራሳችንን ስለጎዳን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሚቴው እያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት ሰው እንዲያመጣ ወሰነ። ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፣ ደግፌዋለሁም። በሦስት ወር ውስጥ ከ90 ተነሥተን ከ200 አለፍን። ከዚያ የጠቅላላ ጉባኤው ቀን ደረሰ። በተዋስነው የትምህርት ቤት ክፍል ወንበር ደርድረን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ጠበቅን። መዝገቡ ላይ የፈረሙት 41 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበተንን። አዲስ ከገቡት ብዙዎቹ ብድር ፈልገው የመጡ ነበሩ። ብድሩን ካገኙ በኋላ ቁጠባቸውን አቆሙ፤ ጭንቀቱ የወደቀው ዋስ በሆኑላቸው ነባር አባላት ላይ ነው። ከነባሮቹ ሁለቱ ተቀይመው ወጡ። ቁጥራችን አድጎ ማኅበራችን ደከመ።

በሁለተኛው ጥሪ የሆነውን ግን አልረሳውም። በቀፊራ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት በላስቲክ የጠቀለሉትን የቁጠባ ደብተር ይዘው ተነሡ፤ በአፋን ኦሮሞ ሲናገሩ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ተረጎመላቸው። «ትርፍ አገኘን ትላላችሁ። ከየት መጣ? እኔ ከከፈልኩት ወለድ ነው ወይስ ሌላ ገቢ አለን?» ሒሳብ ሹሙ መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። እኔም ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። እኒህ እናት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ናቸው፤ በስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሪፖርቱን ሁልጊዜ የምናነበው በአማርኛ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ እናስረዳለን። ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በድሬ ሙቀት ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሰዉ መጠየቅ ጀመረ። የተበደረው ገንዘብ ጎረቤቱ ከዕለት ገቢዋ ቀንሳ ያስቀመጠችው መሆኑን የተረዳ ሰው ክፍያውን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ውዝፋችን እየቀነሰ የመጣው በደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል የተባለች ከተማ ውስጥ የኅብረት ሥራ ሱቅ የከፈቱት መሥራቾች 28 ነበሩ። የሸጡትም ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። በኋላ ላይ ከትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለትምህርት መደቡ። ዛሬም ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ ከሚመራባቸው ሰባት መርሆች አንዱ አባላትን ማስተማር ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ለአባል የዕጣው፣ ማለትም በማኅበሩ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ መጠን ሳይታይ አንድ ድምፅ ይሰጠዋል። ደንቡን የማያውቅ፣ ሒሳቡ ያልተብራራለት አባል ግን ያንን ድምፅ በምኑ ይጠቀምበታል?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ በማግሥቱ የአባላቱን ደብተር ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ ስም ጋ ቆመው የማን ቤት የት እንደነበር፣ ስንት ነፍስ እንደሚያድርበት፣ ማን እንዳልተገኘ ጠየቁ። ዕድሩ ትልቅ አልነበረም። ያ ደብተር ግን ሰዎቹን ያውቃቸው ነበር፤ የእኔ መዝገብ አባል ባበዛንበት ጊዜ ስሞቹን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስንት አባል አላችሁ ብላችሁ ስትጠይቁን አብራችሁ ስንቱ ጉባኤ ላይ ተገኘ፣ ስንቱ ሳያቋርጥ ቆጠበ፣ ኮሚቴው ውስጥ ስንት አዲስ ሰው ገባ ብላችሁ ጠይቁን። በተለይ የመጨረሻውን አጥብቁት፤ እኔ ራሴ ስድስት ዓመት መቀመጤ ለማኅበሩ ጤና አይደለም፣ ተተኪም ገና አላዘጋጀሁም። ሥልጠና ሲኖር ለሊቀመንበሩና ለሒሳብ ሹሙ ብቻ አይሁን፤ ከተራ አባላት በተለይም ከሴቶች ይጠራ፣ ቦታውም ገበያ ውለው ለሚመሹ ሰዎች የሚመች ይሁን። ኦዲትም ሲደረግ ውጤቱ ፋይል ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ኦዲተሩ ራሱ አባላቱ ፊት ቆሞ በሚገባቸው ቋንቋ ያብራራልን። ከዚህ ሁሉ ቀድሜ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያምነው ቁጥሩን ያጣራው ሰው ፊት ለፊት ሲነግረው ነውና።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ባለሙያ ላኩልን። ከኮሚቴው ጠረጴዛ ጀርባ ሳይሆን ከአባላቱ መካከል እናስቀምጠዋለን። የቀፊራዋ እናት ዘንድሮም የሚጠይቁት አላቸው።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ